ሳይረግጡ መርገጥ

በአሜሪካ የዩታ ግዛት፣ ሞአብ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ በተንጣለለው ቀይ በረሃ የሚጓዝ እንግዳ ከመንገዱ እንዳይወጣ ይነገረዋል። የሚያሰጋው እባብ ወይም ገደል አይደለም፤ የሚሰጋው ለአፈሩ ነው። ከቀዩ አሸዋ ላይ ጠቆር ብሎ፣ ሻክሮና ጎርበጥበጥ ብሎ የሚታየው ገጽ ሕይወት ያለው ቅርፊት ነው። ሳይኖባክቴሪያ የተባሉ ደቂቅ ፍጡራን፣ ላይከንና ሳረንስት ተጋምደው ይሠሩታል። የሳይኖባክቴሪያው ክሮች በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር የአሸዋውን ቅንጣት እርስ በርሱ ያስተሳስራሉ፤ ነፋስና ጎርፍም በቀላሉ አይወስዱትም። ከነዚሁ ፍጡራን አንዳንዶቹ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ዕፀዋት ሊመገቡት ወደሚችሉት መልክ ይለውጣሉ። ለበረሃው ቁጥቋጦ ማዳበሪያ የሚያቀርብለት ሌላ ገበሬ የለውም።

ይህ ቅርፊት ዝናብ ሲጠፋ ደርቆ ያንቀላፋል፤ ውኃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ድርቅን የቻለ ፍጡር ግን የጫማን ተረከዝ አይችልም። ከተሰበረ በኋላ ሳይኖባክቴሪያው በጥቂት ዓመታት ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ላይከኑና ሳረንስቱ ግን ዐሥርት ዓመታትን፣ በአንዳንድ ስፍራም ከዚያ እጅግ የረዘመ ዘመን ይፈልጋሉ።

ለመሆኑ ሕይወት መሆኑን ሳያውቅ የረገጠ ሰው በደለ ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1942 ጄኔራል ፓተን ወታደሮቹን ለሰሜን አፍሪካው ጦርነት ያሠለጠነው በካሊፎርኒያው የሞሃቬ በረሃ ነበር። ታንኮቹ የሄዱባቸው መስመሮች ከሰማንያ ዓመት በኋላም በየስፍራው ይታያሉ። እነዚያን ወጣት ወታደሮች በአፈር ጉዳይ መክሰስ የሚያስብ የለም፤ ቢያስብም ያስቅበታል። ይሁን እንጂ የሰዎቹ ንጽሕና መሬቱን አልጠገነውም። ስለ በደል ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮችን እናቀላቅላለን፦ አንደኛው የአድራጊው ጥፋተኝነት፣ ሁለተኛው የተጎጂው ጉዳት ነው። የመጀመሪያው «አላወቅሁም» በሚል ቃል ሊቀልል ይችላል። ሁለተኛው ቃል አይሰማም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ላላወቀው መንገርና መንገዱን ማሳየት ይበቃል። ነገር ግን በዚያው በዩታ በረሃ የተካሄደ ሌላ ምርምር ጥያቄውን አክብዶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በበጋ ወራት ቶሎ ቶሎ የሚጥል 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ካፊያ ሳረንስቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ ገደለው። ለበረሃ ሰው ዝናብ ገደለ የሚል ወሬ ይከብደዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሳረንስቱ ሲነቃ መተንፈስ ይጀምራል፣ ስንቁንም ያወጣል፤ ያወጣውን በፀሐይ ብርሃን ሠርቶ ሳይተካ ግን ካፊያው ይደርቅበታል። እንዲህ በየጊዜው እየተቀሰቀሰ፣ ከሚያገኘው የሚያወጣው እየበዛ፣ በመጨረሻ ስንቁ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ ለዓመታት የተሞቀንና ዝናቡ የተለወጠበትን ቅርፊት በሰው እግር ከተረገጠው ጋር ሲያነጻጽር ለውጣቸው እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። በሁለቱም ዘንድ ሳረንስቱና ላይከኑ እየሳሱ ሄዱ።

እንግዲያውስ በረሃውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ በሌላ አህጉር መኪናውን የሚያሞቅ ሰውም ይረግጠዋል ማለት ነው። «የእኔ ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ነው» ቢል ስለ ራሱ ድርሻ እውነቱን ተናግሯል። ዳሩ ግን የሞአቡም መንገደኛ እንዲሁ ማለት ይችል ነበር፤ በሰፊ በረሃ ላይ የአንድ ሰው ዱካ ምንድን ነው? ለእግረኛው ያልተፈቀደ ምክንያት ለባለ መኪናው የሚፈቀድበት አግባብ አይታይም።

የነገሩ ክብደት በአፍሪካ ቀንድ ሲታይ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ224 ደረቅ ስፍራዎች አፈር የመረመረ ጥናት፣ ድርቀት በበረታ ቁጥር ካርቦንና ናይትሮጅን እንደሚቀንሱ፣ ፎስፈረስ ግን እንደሚጨምር አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ በይበልጥ የሕያዋን ሥራ ናቸው፤ ፎስፈረስ በአብዛኛው የሚገኘው ከድንጋይ መፈራረስ ነው። ሕያዋኑ ሲደክሙ የአፈሩ ሚዛን ይናጋል፤ ሣሩ ከአንዱ ተርፎት ሌላውን ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሠራ ግምት ደግሞ ከምድር የየብስ ገጽ 12 በመቶ ያህሉን የሚሸፍነው ይህ ቅርፊት በ65 ዓመታት ውስጥ ከ25 እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጣት ቶሎ የሚቀሰርበት አርብቶ አደሩ ነው፤ የከብቱ ሰኮና ይታያልና። ሰኮና ቅርፊት መስበሩ አይካድም። ሆኖም ለጎብኚ ከመንገድ አትውጣ ማለትና ለአርብቶ አደር አትሂድ ማለት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሚያጣው ፎቶግራፍ ነው። ደግሞም የቦረና ሰው የሚታለቡትን ከብቶች ከቤት አጠገብ አስቀርቶ የማይታለቡትን በፎራ ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሰድ፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ ለአፈሩ የዕረፍት ጊዜ ይሰጣል። ይህ እንቅስቃሴ በአጥር፣ በወሰንና በሰፈራ ሲጠብበት ከብቱ በየውኃው ዙሪያ ይከማቻል፤ ያንኑ መሬት ዓመቱን ሙሉ ይረግጣል። ያን ጊዜ የሚመጣው ባለሙያ የሚያየው የተራቆተውን መሬትና በላዩ የቆመውን ከብት ነው። አጥሩን ማን እንዳጠረው፣ ዝናቡንም ማን እንዳዛባው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አይታይም።