ሸክሙ የት ይራገፍ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው መልሶ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል። ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ነገሩ ጭንቅ ነው። የመጀመሪያው በደል አይረሳም ሲል፣ ሁለተኛው ቂምን ሳይተዉ መጸለይ ከንቱ ነው ይላል። ታዲያ የማይረሳ ነገር እንዴት ይተዋል? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የተወለድሁበት የፎገራ ሜዳ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ወረታ ይደርሳል። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ ለጥ ያለ ነውና፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ይተኙበታል። ውኃው ደለል ያመጣል፤ ደለሉ ማሳውን ያለመልማል፤ የድንበር ምልክትንም ይቀብራል።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ ማሳቸው አጎራባች ነበር። ያላቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበር መቀናጆ ገብተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ያርሱ ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክረምት የድንበሩ ድንጋይ በደለል ተዋጠ። ውኃው ሲሸሽ አጎቴ ድንበሩን ወደ እኛ ገፍቶ አረሰ። አባቴ ተቆጣ፤ አጎቴ ካደ፤ መቀናጆው ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ 11 ዓመት ሙሉ ሁለቱም በየፊናቸው በአንድ በሬ ቀሩ። አባቴ ለጥማዱ ማሟያ በሬ ለመዋስ ሲል በሰው ማሳ ላይ ጉልበቱን ሲያፈስ እያየሁ አደግሁ። ለቅሶ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺሕ ሰው አፈናቀለ። ወንድማማቾቹም ከነቤተሰባቸው አንድ ጉብታ ላይ ተጠልለው ሰነበቱ፤ ግን አልተነጋገሩም። ውኃው ሲጎድል ሜዳው አንድ ወጥ ጭቃ ሆኖ ድንበር የሚባል ነገር አልነበረበትም። የአባቴ የንስሐ አባት ያን ጊዜ መጡ። «ልጄ፣ ሥጋ ወደሙ አቀብሉኝ ትለኛለህ፤ ከወንድምህ ሳትታረቅ ምን ብዬ አቀብልሃለሁ?» አሉት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ደጋግሜ የማስበው ነገር ቢኖር ሽማግሌዎቹ አባቴን «ተወው፣ እርሳው» አለማለታቸውን ነው። አስቀድመው ምስክር ሰሙ፤ መሬቱን በገመድ ለኩ፤ የተገፋው እንዲመለስ ፈረዱ። ከዚህ በኋላ ነው አጎቴ እንዳገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ አባቴ እግር ሥር የወደቀው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ድንጋዩም ወረደ።

ልብ እንበል፤ አባቴ «አልበደልኸኝም» አላለም። «ረስቼዋለሁ»ም አላለም። መሬት በገመድ ተለክቶ ይመለሳል፤ 11 ዓመት ግን በምን ገመድ ይለካል? በሰው ማሳ የፈሰሰውን ላብ ማን ይከፍላል? የሚከፈለው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ እንኳ የማይከፈል ቀሪ ዕዳ አለ። ሰውን የሚያጎብጠው ይህ ቀሪ ነው። በዳይ ቢፈልግም አይከፍለውም፤ ዳኛ አያስከፍለውም፤ ተበዳይም አይረሳውም። «ለእግዚአብሔር» ማለት እንግዲህ ይህን ሒሳብ ከሰው መዝገብ አውጥቶ ለባለቤቱ ማስረከብ ነው።

ይቅርታን የፍርድ መሸሸጊያ የሚያደርጉ እንዳሉ አውቃለሁ። የተቀማውን ድኻ «ለነፍስህ ስትል ተወው» ይሉታል። ፍርድ ሳይቀድም የሚሰጥ እንዲህ ያለ ምክር ሸክም አያወርድም፤ በተበዳዩ ጀርባ ላይ ያጠብቀዋል እንጂ።

ወንጌሉም ቢሆን ባዶ ጀርባን ተስፋ አይሰጥም። ክርስቶስ ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ለዕረፍት ሲጠራ፣ ወዲያው ስለ ቀንበር ይናገራል። የከተማ ሰው ይህ ግራ ያጋባው ይሆናል። የፎገራ ገበሬን ግን አያጋባውም፤ ቀንበር ለሁለት እንደሆነ ያውቃልና። በዚያው ዓመት የአባቴና የአጎቴ በሬዎች እንደገና ተጠመዱ። ሥራው አልቀነሰም፤ ብቻን መሆን ግን ቀረ።

አባቴ ያወረደውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እርቁን «የድኻ ሽንፈት» ብዬ ቂሙን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ጋዜጠኝነት ተማርሁ፤ ስለ ሰው በደል ጻፍሁ፤ አገር ቤት ስሄድ ግን የአጎቴን ደጅ ዞሬ አልፍ ነበር። እነርሱ በአንድ ጥማድ ሲያርሱ፣ እኔ የፈረሰውን መቀናጆ ስቆጥር ዓመታት አለፉ።

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፈ። በአርባው፣ ለተዝካሩ፣ ሰው በግቢያችን ተሰብስቦ ሳለ አጎቴ ሩዝ ተሸክሞ መጣ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሙከራ የገባው ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን ያን ሜዳ እህል አብቃይ አድርጎታል፤ እነርሱም በዚያ ሲጣሉበት በነበረ ድንበር ግራና ቀኝ ሩዝ ይዘሩ ነበር። ሽማግሌው በግማሽ ጆንያ ሥር ጎብጦ ቆመ። የሚቀበለው ሰው ፈልጎ ዐይኑን አንከራተተ። ከሁሉ ቅርብ የነበርሁት እኔ ነኝ።

«አያ፣ ወዲህ ያምጡት፣ ልቀበልዎ» አልሁት። ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያው ቃሌ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ረሳሁ ብል ውሸት ይሆናል። ያን ማሳ ባየሁ ቁጥር የአባቴ ላብ ትዝ ይለኛል። ነገር ግን «አባታችን ሆይ» ስደግም፣ ይቅር እንደምንል ይቅር እንዲለን ከምንለምንበት ቦታ ስደርስ ድምፄን እውጥ ነበር፤ አሁን አልውጥም።