ቁጥርም ምስክር ነው

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በ«ቢዝነስ ኢንተለጀንስ» ሙያ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች አሉ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1958 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ሐንስ ፒተር ሉን ባሳተመው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ይገኛል። የዛሬው ሥራ በአጭሩ፣ የድርጅቱን የሽያጭና የሂሳብ መዛግብት ኤስኪውኤል በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ እየጠየቁ ማጥራት፣ መደመርና ሥራ አስኪያጁ በአንድ እይታ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ጀማሪው ባለሙያ ለሚያቀርበው ቁጥር በኅሊናው ተጠያቂ ነውን? «እኔ ታዛዥ ነኝ፣ ውሳኔው የአለቃዬ ነው» የሚል ብዙ ነው።

እስቲ ለምሳሌ 1,000 የቁጠባ ሂሳብ ያለውን ባንክ እናስብ። አንዳንዱ ሰው ሁለትና ሦስት ደብተር ስላለው ሰዎቹ 700 ብቻ ናቸው እንበል። ከእነርሱም ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያንቀሳቀሱት 400 ናቸው። «ስንት ደንበኛ አለን?» ለሚለው ጥያቄ ሦስቱም መልስ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮምፒዩተሩ በአንዱም አልዋሸም። «ደንበኛ» ማን እንደሆነ የሚወስነው ግን ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ጀማሪ ነው። እንግዲህ እርሱ ሚዛን ያዥ እንጂ ተላላኪ ብቻ አይደለም።

ሚዛኑ ሲዛባ የሚደርሰውን በአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ አይተናል። ባንኩ ለአንድ ደንበኛ ስንት አገልግሎት እንደሸጠ የሚያሳየውን ቁጥር ለባለ አክሲዮኖች ይኩራራበት ነበር። ሠራተኞች የተጣለባቸውን ኮታ ለመሙላት ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ ይከፍቱ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ወጣ። በ2020ም ባንኩ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቁጥሩ ያድግ ነበር፤ እምነቱ ግን ተሸርሽሮ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ጀማሪ አቅመ ደካማ ነው። ደመወዙን የሚጠብቁ እናትና ታናናሾች ይኖራሉ፤ አለቃውን ተጋፍጦ ከሥራ ይባረር ማለት ከባድ ፍርድ ነው። የሚጠየቀው ግን እንደ አቅሙ ነው። ከቁጥሩ ጎን «ደንበኛ ያልኩት ይህን ነው» ብሎ ይጻፍ። የተወውን መዝገብ አይደብቅ። የከሰረውን ወር ከሰንጠረዡ አውጣ ሲባል፣ በአክብሮት «ይህን አላደርግም» ይበል። ይህን ያደረገ አማናውን ተወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአለቃው ዕዳ ነው።

አሠሪዎችም አንድ ነገር ይወቁ። እውነቱን የሚናገር ጀማሪን የሚያስፈራራ ሥራ አስኪያጅ የገዛ ዓይኑን እያሳወረ ነው። ደስ የሚያሰኘውን ቁጥር ብቻ የሚሰማ ሰው ክስረቱን የሚያውቀው ካዝናው ባዶ ሲሆን ነውና።

ወጣቶች ሆይ! ሙያውን ተማሩ፣ ተሻሙበትም። ነገር ግን ፊርማችሁ ባይታይበትም እያንዳንዱ ቁጥር የእናንተ ምስክርነት መሆኑን አትርሱ።