ለአብደራፊው ወጣት ዲጄ

ልጄ፣ በሠርጉ ዳስ ውስጥ ከስፒከሩ አጠገብ ተቀምጬ ስሰማህ ነበር። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ስትሻገር የሚዜዎቹ ትከሻ ባንዴ ቀዘቀዘ። አንተ ቶሎ ላፕቶፕህን አየህ፤ ሁለቱም ዘፈኖች በአንድ ኪ ተመዝግበዋል፣ ቴምፗቸውም እኩል ነው። ግራ እንደገባህ ከፊትህ ስላየሁ ይህን ልጽፍልህ ተነሣሁ።

የላፕቶፕህ ፕሮግራም ሜጀርና ማይነር ብሎ ነው ዘፈን የሚመድበው። የእኛን ቅኝት ለይቶ አያውቅም። ከዶ ብንነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ለላፕቶፑ ሁለቱም ያው ዶ ሜጀር ናቸው። ነገር ግን የአንዱ ክራር ሚ ላይ ሲያርፍ የሌላው ዘፋኝ ፋን ቢይዝ፣ በመካከላቸው ያለው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነውና ይፋጫሉ። የዚያን ዕለት ጆሮ የቆረጠው እሱ ነው። በአንጻሩ ከዶ የሚነሣ አምባሰልና ከፋ የሚነሣ ትዝታ ማይነር አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፤ የሚያርፉበት ብቻ ይለያል። እነዚህን ሳትፈራ አገናኛቸው። የሱዳን ዘፈንም አብዛኛው ግማሽ ድምፅ የሌለበት አምስት ድምፅ ስለሆነ ከትዝታ ሜጀር ጋር ይስማማል። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ከጎጃም የወረደውም ከማዶ የተሻገረውም የሱዳኑ ሞሐመድ ወርዲ ሲከፈት እኩል የሚነሣው፣ በእኔ እምነት፣ ለዚህ ነው።

ሮክ መቀላቀል እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ደግ አድርገሃል። ጃኖ ባንድ ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን «ኤርታሌ»ን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ጊታርና ቅኝት እንደሚጋቡ አሳይቶናል። ሮክ ላይ ግን ቴምፖውን ተጠንቀቅ። የድሮ ሮክ ከበሮ መቺ ያለ ሜትሮኖም ነው የሚመታው፤ መግቢያው ላይ 116 የነበረ ዘፈን አዝማቹ ላይ 120 ሊደርስ ይችላል። እነ አምሃ ሪከርድስ ያሳተሟቸው የእኛ የባንድ ዘፈኖችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ መግቢያውን ብቻ ለክተህ አትመን፤ የምትወጣበትን ቦታ ለካ። ፍጥነቱን ስትገፋ ደግሞ ኪ መቆለፊያው ካልበራ 6 በመቶ ያህል ጭማሪ ዘፈኑን በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ከበራ ድምፁ አይለወጥም፤ አብዝተህ ከጎተትከው ግን ማሲንቆው ይሰባበራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የችክችካ ምት ነው። በእግርህ ስትቆጥረው በደቂቃ 110 የሆነውን ላፕቶፑ 165 ሊለው ይችላል፤ ሦስት ሦስት የተከፈለውን ምት ሁለት ሁለት አድርጎ ስለሚቆጥር። በእግርህ ቁጠርና ቁጥሩን ራስህ አስተካክለው። 110 ከሚሄድ ሮክ ጋር ስታገናኘውም እግሩ ይገጥማል፤ ውስጡ ግን አይገጥምም፤ ሮኩ ምቱን ለሁለት፣ ችክችካው ለሦስት ነውና የሚከፍለው። ሁለቱን ከበሮ ለረጅም ጊዜ አታደራርብ። የሮኩ ከበሮ ጸጥ ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ጠብቅ፤ ችክችካውን እዚያ ላይ አስገባ። እኔ ከዚህ የተሻለ መሻገሪያ አላገኘሁም።

ማታ ማታ፣ ጄኔሬተሩ ሳይነሣ፣ ዘፈኖችህን አንድ በአንድ ስማና ከስማቸው ጎን ቅኝታቸውን ጻፍ። የማትለየው ካለ ይዘኸው ና። ክራሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከአጨዳው በፊት ብቅ በልና አብረን እንቃኘው።