የባጃጁ ቁልፍ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ የባጃጅ ተራ አለ እንበል። አግዳሚው ላይ ባጃጅ የሌለው ሾፌር ተቀምጧል። አንድ ቀን ተነሣና ለአንዱ ባጃጅ ባለቤት፣ «ጋሼ፣ እኔ የቀን ገቢ ጨምሬ አስገባለሁ» አላቸው። እሳቸውም ቁልፉን ከፊተኛው ሾፌር ተቀብለው ለእሱ ሰጡት። ቁልፍ የተቀማው ሄዶ አዲሱ ሾፌር በለቀቀው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። በማግስቱ «ቁልፌን ይመልሱልኝ» ቢልም ያን ያህል ገቢ ማስገባት አልቻለምና ሰሚ አጣ።

እዚያው ተራ ሁለት ሾፌሮች ባጃጅ ተለዋወጡ። ገቢ የጨመረም የቀነሰም የለም። አንደኛው የለኩ ከተማ ልጅ ነው፤ የደረሰው ባጃጅ ባለቤትም የሚኖሩት ለኩ ነው። ባጃጁን ይዞ ለኩ ሄደ፣ እዚያው ቀረ፤ ልውውጡም ጸና። ሌሎች ሁለት ሾፌሮችም ይለዋወጡ ነበር፤ ሁለቱም ከተራው ስላልራቁ ግን ጠዋት የተቀያየሩትን ማታ መልሰው ይቀያየራሉ። ተራ አስከባሪው «ምን ተለወጠ?» ቢባል፣ «ምንም» ነው መልሱ።

የመጀመሪያው ታሪክ በኬሚስትሪ ነጠላ መተካት ነው። ንጹሕ የብረት ሚስማር መዳብ ሰልፌት በሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሲነከር ብረቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ መዳቡ ወጥቶ ሚስማሩ ላይ ቀላ ብሎ ይለጠፋል፤ ሰማያዊው ቀለምም ይደበዝዛል። አግዳሚው ሚስማሩ፣ ገቢው ኤሌክትሮን ነው፤ ተቀባዩ ግን መዳቡ ነው። እዚህ ብርታት ማለት መስጠት ነው፦ ዚንክ ከብረት፣ ብረት ከመዳብ፣ መዳብ ከብር ይልቅ ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ ይፈጥናል። የተከበረው ወርቅ ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው። የመዳብ ሽቦ ብረት(II) ሰልፌት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ቢያድር ምንም የማይሆነውም መዳብ ከብረት ያነሰ ሰጪ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ድርብ መተካካት ነው። የገበታ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ) የሟሟበት ውሃ የብር ናይትሬት ከሟሟበት ውሃ ጋር ሲደባለቅ ብሩ ከክሎራይዱ ጋር ይጣመርና ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ኤሌክትሮን የሰጠም የተቀበለም የለም። ለኩ የቀረው ባጃጅ ይህ ዝቃጭ ነው። የጨውን ውሃ ከፖታሲየም ናይትሬት ውሃ ጋር ብንደባልቅ ግን የሚዘቅጥ፣ የሚተን፣ ተጣምሮ የሚቀር የለም፤ ሶዲየሙ፣ ክሎራይዱ፣ ፖታሲየሙና ናይትሬቱ አራቱም እዚያው ተራ ላይ ሲዞሩ ይውላሉ።

ተማሪ ሆይ፣ ቀመሩን ከመጻፍህ በፊት በነጠላው «አብልጦ የሚሰጥ ማነው?»፣ በድርቡ «ተጣምሮ የማይመለስ ማነው?» ብለህ ጠይቅ።