ሕመም ይመሰገናልን?

በጉባኤያችን ምስክርነት በሚሰጥበት ሰዓት ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ። ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው ይነሣና፣ «ያ በሽታ ባይጥለኝ ኖሮ ዛሬ በመካከላችሁ አልቆምም ነበር፤ ስለ በሽታዬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» ይላል። ሕዝቡም «አሜን» ይላል። እኛም እንላለን። ነገር ግን ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ስንጀምር ክርክሩ ይነሣል። ለመሆኑ በሽታ ይመሰገናልን? ሳንባን የሚበላ፣ ጉበትን የሚያደርቅ፣ የልጆችን የደብተር ገንዘብ ወደ መድኃኒት ቤት የሚያዞር ነገር እንዴት ከበጎ ስጦታዎች ጋር ይቆጠራል? በሌላ በኩል ደግሞ ሰውዬው የሚናገረው ያየውን እንጂ ያነበበውን አይደለም፤ ዋሸህ ልንለው አንችልም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ከእናንተ ጋር በርጋታ ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን አንድ አሮጌ መልስ ከመንገድ እናንሣ፤ ሕመም የኃጢአት ቅጣት ነው የሚለውን። ይህ የኢዮብ ወዳጆች መልስ ነበር፤ መጽሐፉም በመጨረሻው ላይ ትክክል አላደረጋቸውም። እኛ የወላይታ ልጆች ግን እስከ ኢዮብ ሳንሄድ እዚሁ እግራችን ሥር ማስረጃ አለን። በቀዩ አፈራችን ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ ቆዳው እንደ ድንጋይ ሽበት ይሻክራል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ሞሲ ፉት በሚለው ስም ነው። ስንቱ ሰው እርግማን ነው፣ የዘር ነው እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም በሽታው ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፤ ደቃቁ ቅንጣት በእግር ቆዳ እየገባ የሰውነትን ፈሳሽ መተላለፊያ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት የሚበልጠው በዚህ ሕመም መያዙን ገልጿል። እንግዲህ የታመመው ጫማ ያልነበረው ሰው ነው፤ ኃጢአተኛው አይደለም።

«የጠጪ በሽታስ? እሱ በእጁ ያመጣው አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ብዙ የሚጠጣ ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ እንደሚል የጤና ሳይንስ ይናገራል። ነገር ግን ምክንያት ሌላ፣ ፍርድ ሌላ። አንዲት ጠብታ ያልቀመሰችው ሚስቱም በዚያው ክፍል ውስጥ ያንኑ አየር ትተነፍሳለችና።

ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ሕመም ስጦታ ነው፣ ከላይ የተላከ መልእክተኛ ነው የሚለው። ይህኛው ያምራል፤ ስለሚያምርም ይበልጥ እንጠንቀቀው። መልእክተኛ ከሆነ በጊዜው መድረስ ነበረበት። ሳንባ ሲታመም ያስላል፤ ሳሉም ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ሰው ይደነግጥና ይመረመራል። ጉበት ግን አይጮኽም። በመጠጥ ምክንያት ስብ የተጠራቀመበት ጉበት ሰውዬው መጠጣቱን ቢያቆም በሳምንታት ውስጥ ማገገም ይጀምራል፤ በዚያ ጊዜ ግን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ሲመጣ ጉበቱ ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ሆኗል፤ ጠባሳውም ወደ ኋላ የሚመለሰው በጥቂቱ ነው። ታዲያ ለአንዱ በጊዜ የደረሰ፣ ለሌላው የቀብር ዕለት የሚደርስ ምን ዓይነት መልእክተኛ ነው? ምስክርነት የሚሰጡት የተረፉት ብቻ ናቸው። የሌሎቹን ቃል ማንም አልሰማም።

ወደ አንድ ሰው እናምራ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ያደጉ። ያለፈው የካቲት መጨረሻ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው። ሕመማቸው ሲታወቅ ሌላውም ታወቀ፤ ለብዙ ዓመታት በስውር አረቄ ይጠጡ ነበር።

«በስውር» የምትለውን ቃል እንያት። ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ከመጡ በኋላ የተነሡት አማኞች መጠጥን መተው የእምነታቸው ምልክት አድርገውት ነበር። ይህም በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ስንት ጎተራ እህል ከቦርዴና ከአረቄ ተርፎ ስንት ልጅ አሳድጓል። ነገር ግን ምልክቱ ጥብቅ በሆነ መጠን የወደቀ ሰው መሸሸጊያው ጥልቅ ይሆናል። ቦርዴ በገበያ ይጠጣል፤ አረቄ ግን በኪስ ይገባል። (እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። መልካም አዋጅ ነው። የመንደር አረቄ ግን መቼ ማስታወቂያ ነበረውና!)

ጋሼ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ለመተው ሞክረው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በቤታቸው፣ በራቸውን ዘግተው። በማግስቱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ እንቅልፍ የለም። በሁለተኛው ቀን ወደ አረቄው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ይህን ቢያይ የፈቃድ ድካም ይለዋል። ሐኪሞች ግን ስም አላቸው። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ቢያቆም በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አእምሮው ተደበላልቆ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ቤት ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ አንድ እየተሰጠው ቢተኛ ግን ያልፋል። እባካችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን በየቤታችሁ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ብርድ ልብስ አልብሶ በር መቆለፍ አይገባም፤ ጸሎቱ በሐኪም ቤት አልጋ አጠገብም ይጸለያል።

አሁን ያልተጠበቀው በጎ ነገር የት እንደ ገባ ልብ በሉ። ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ጋሼን ያገኛቸው በሳል ምክንያት በተኙበት የሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነበር። መድኃኒቱም ነርሷም እዚያው ነበሩ። ሳሉ አላዳናቸውም፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ አደረሳቸው እንጂ።

ቀጥሎ የሆነውን እሳቸው ራሳቸው እየሣቁ ነው የነገሩን። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ከመካከላቸው ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ስላሉ መጠጥ አይነካም። «ልጆቼ፣» አሉን፣ «በሕይወቴ ሙሉ ቀርቦልኝ እምቢ የምልበት ቃል አጥቼ ነበር። አልጠጣም ስል ‹ናቅኸን ወይ?› ይሉኛል። ኪኒን እየወሰድኩ ነው ስል ግን ብርጭቆውን ራሳቸው ያነሡታል።» ሰው የሰጠህን አለመቀበል ንቀት በሚሆንበት አገር፣ በሽታ ሰውን ሳያስቀይም እምቢ የሚያሰኝ ፈቃድ ሰጣቸው። ሌላም አለ። በየጠዋቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ጤና ጣቢያ ደርሰው ነርሷ ፊት መዋጥ ነበረባቸው። ለዓመታት ጠዋታቸው የአረቄው ነበር፤ አሁን ጠዋት የሚጠብቃቸው ሰው ተገኘ። አንድ ቀን ቢዘገዩ ስልክ ይደወላል።

ጎረቤቱም መጣ። ይህን ስንጽፍ ግን ደስታችን ሙሉ አይደለም። ጋሼ ሲጠጡ ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ጭር ያለ ነበር። ነቀርሳ የሚባል ስም ሲገኝ ብርቱካን የያዘ፣ ወተት የያዘ፣ መዝሙር የያዘ ሞላ። የመጠጥ ሱስ በሽታ መሆኑን ዓለም ከተቀበለው ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታልም እንደ በሽታ ያክመዋል። በእኛ መንደር ግን ወተት የሚወሰደው ለሳንባ እንጂ ለአረቄ አይደለም።

የጋሼን ባለቤትም ጠየቅናቸው። በሽታው ለበጎ ሆነ ማለት ይቻላል ወይ አልናቸው። እትዬ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱልን። «አሥራ አንድ ዓመት ስለምነው ያልሰማኝ፣ ለሦስት ሳምንት ሳል ታዘዘ። ለእናንተ ምስክርነት ነው። ለእኔ ግን ስድስት ወር ነው፤ ልጆቹን ማስመርመር ነው፤ ሌሊት መነሣት ነው።»

ከዚህ ወዲያ ክርክራችን መልኩን ለወጠ። ለበሽታው የምንሰጠው ምስጋና ከማን ላይ ተነሥቶ የሚሰጥ ነው? በአሥራ አንዱ ዓመት ልመና ላይ፣ በነርሷ የስልክ ጥሪ ላይ፣ ብርቱካን በያዙት እጆች ላይ። ሳንባውን የበላው ተሕዋስ ለጋሼ አንድም በጎ ነገር አላሰበላቸውም። በጎውን ያደረጉት በእርሱ ምክንያት የተሰበሰቡት ናቸው፤ የሚያሳዝነውም ለመሰብሰብ ይህን ያህል ክፉ ነገር መጠበቁ ነው። «ስለ በሽታዬ አመሰግናለሁ» የሚለውን ምስክር አናርመውም፤ የልቡን ያውቃል። እኛ ግን በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ቆመን ስለ በሽታህ አመስግን ልንለው መብት ያለን አይመስለንም። ያ ቃል ከታማሚው አፍ ሲወጣ ምስክርነት ነው፤ ከጠያቂው አፍ ሲወጣ የኢዮብ ወዳጆች ንግግር ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለበሽታ እንተውለታለን። የታመመ ሰው የታመመን ሰው ቋንቋ ያውቃል። ዶክተር ናታን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ በጀመሩት የሞሲ ፉት ሥራ፣ እግራቸው የዳነላቸው ሰዎች ራሳቸው ሌላውን እግር በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አገር አክረን በተባለ ከተማ ሁለት ጠጪዎች፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴና ዶክተር ቦብ ስሚዝ፣ ተገናኝተው በኋላ በዓለም ሁሉ የተሠራጨውን የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የጀመሩት እርስ በርስ በመነጋገር ነበር። ሁለቱም ሕመሞች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ አንዴ ታክመህ የምትረሳቸው አይደሉም። እግሩ ዛሬም ይታጠባል፣ ነገም ይታጠባል።

የጋሼ ኪኒን የሚያልቀው በነሐሴ መጨረሻ ነው። መስከረም ደግሞ ጊፋታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የተጠራቀመለት በሬ ይታረዳል፤ ጎረቤት ይጠራራል፤ የሚቀርበውን ታውቃላችሁ። ያ የእምቢታ ፈቃድ ያን ጊዜ ያበቃል። ባለፈው እሑድ ስንጠይቃቸው ያሳሰባቸው ሳንባቸው አልነበረም። «ድነሃል ከተባልኩ በኋላ ምን ልበላቸው?» አሉን። ከመካከላችን ሦስቱ በበዓሉ ሰሞን ከእሳቸው ጋር ለመዋል ቃል ገብተናል። ጋሼም ነርሷን መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ጠዋት ጠዋት መምጣት ይከለከል እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር። «ምን ይከለከላል፣ ጋሼ፤ ሰኞ ሰኞ ይምጡ፣ ክብደትዎን እንመዝናለን» አለቻቸው።