የአንድ ቀን ማስታወሻ፣ የዓመት አማና

ምድርን ለፍጡራኑ ላመቻቸ፣ ዝናብንም በልክ ላወረደ አላህ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። አማ በዕድ፦

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም በተቅዋ አደራ እላለሁ። በምንናገረው ብቻ ሳይሆን በምንጥለው፣ በምንቆርጠውና በምናፈሰውም አላህን እንፍራ።

በየዓመቱ ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ይከበራል። ቀኑ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም ከተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተነሥቶ ነው። ያን ጊዜ ስለ ደን መራቆትና ስለ ወንዝ መበከል የሚሰማው ጋዜጣ የሚያነብ ወይም ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ነበር። ዛሬ ግን ወጣቶቻችን፣ «ሁሉም ነገር በስልካችን አለ፤ የሚቃጠለውን ደን ገና ሲቃጠል እናየዋለን። በዓመት አንድ ቀን ባነር ይዞ መሰብሰብ ምን ይጨምርልናል?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነውና በቅንነት ልንመልሰው ይገባል።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ቁርኣኑም ተፍሲሩም የዑለሞች ትምህርትም በዚያው ስልክ ውስጥ አሉ። ታዲያ ዛሬ ሱቃችንን ዘግተን ለምን መጣን? አላህ በሱረቱል ጁሙዓ፣ የሶላት ጥሪ ሲሰማ ንግዱን ትተን እርሱን ወደ ማውሳት እንድንሄድ ስላዘዘን ነው። ሰው የሚጠፋው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ እያወቀ በመዘንጋትም ይጠፋል። ለሚዘነጋ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ያስፈልገዋል፤ አጠገቡ የሚቆም ወንድምም ያስፈልገዋል።

በእርግጥ የአካባቢ ቀን ዒድ አይደለም፤ ዒዶቻችን ሁለት ናቸው። ሰዎች ለጉዳያቸው የቀጠሩት ቀን ስለሆነ እንደ ዒባዳ አንይዘውም። ወደ በጎ ሥራ እስከጠራን ድረስ ግን ጥሪውን አንንቀውም።

ቀጠሮ ምን እንደሚሠራ ለማየት የአሜሪካን ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ በሳንታ ባርባራ ባሕር ዳርቻ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ዜናው በሀገሩ ሁሉ ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 22 ቀን፣ በሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ጥሪ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በየከተማውና በየትምህርት ቤቱ ወጣ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ተቋቋመ፤ የአየር ብክለት ሕጋቸውም ተጠናከረ። እያንዳንዱ በየቤቱ አዝኖ ቢቀር ኖሮ ሐዘኑን ማን ያይለት ነበር? ብዙ ሰው በአንድ ቀን አብሮ ሲቆም ግን ሕግ አውጪውም ቆም ብሎ ያዳምጣል።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ሐረማያ ሐይቅን የማያውቅ የሐረርጌ ሰው የለም። ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የጠጣችው ከእርሱ ነው። ለከተሞች ውሃ ሲሳብ፣ ለጫትና ለአትክልት ማሳ በፓምፕ ሲቀዳ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው አፈር ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። አስቡት፤ ከዳርቻው ግብርና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። ዕውቀት ሩቅ አልነበረም። ገበሬውም ውሃው ዓመት ከዓመት ሲሸሽ በዓይኑ እያየ ነበር። የጎደለው፣ ሁሉም «ድርሻዬ ምንድን ነው?» ብሎ በአንድነት የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። አላህ በሱረቱ ሩም በየብስም በባሕርም የሚታየው ብልሽት ከሰዎች እጅ ሥራ የመጣ መሆኑን ነግሮናል፤ የሥራችንን ከፊል ውጤት የሚያቀምሰንም ምናልባት እንድንመለስ ነው። በተራሮቹ ላይ አፈርና ውሃ የመጠበቅ ሥራ ሲሠራ፣ ከዓመታት በኋላ በአላህ ራሕመት ወደ ሐረማያ ውሃ ተመልሷል። ለሚመለስ ሰው በሩ አልተዘጋም።

ነገር ግን፣ የአላህ ባሮች ሆይ፣ ቀኑ ብቻውን አያድነንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሮ ነበር። አንድ ሕዝብ በአንድ ቀን ጉድጓድ ለመቆፈር መውጣቱ መልካም ነገር ነው። ችግኝ ግን የሚፈተነው በጥርና በየካቲት፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። ፎቶው ስልክ ላይ ቀርቶ ችግኙ ከደረቀ ምን ተከልን? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ አላህ ዘንድ እጅግ የተወደደው ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው ነው። በረመዷን ብቻ መስጂድ የሚመጣን ሰው እንደምንመክረው ሁሉ፣ በግንቦት ብቻ ምድርን የሚያስታውስ ሰውም ሊመከር ይገባል።

ይህን ብዬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሓሪና አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ፤ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ጀማዓ ሆይ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል። ቂያማ እየቆመች እንኳ በእጁ ችግኝ ያለው ሰው፣ መትከል ከቻለ እንዲተክል አዘዋል። ፍሬውን ለማይበላው እንኳ ይህ ከታዘዘ፣ ልጆቻችን ከጥላው ሥር ለሚቀመጡ ለእኛማ እንዴት አይታዘዝ!

እንግዲህ ሥራውን ከዚሁ እንጀምር። ነቢዩ ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚይዘው ያህል ውሃ ነበር፤ እኛ ግን ቧንቧውን ከፍተን እናወራለን። ከዛሬ ጀምሮ እየዘጋን እንጠቀም። ከገበያ ስንመለስ ፌስታል ወደ ቦይ አንጣል፤ ቦዩ ይደፈንና ጎርፍ የጎረቤትን ቤት ያጥለቀልቃልና። ወጣቶች! በክረምት የተከላችሁትን በበጋ ተራ ገብታችሁ አጠጡ። ስልካችሁንም ለዚህ ተጠቀሙበት፤ የጀማዓውን የማጠጫ ተራ በእርሱ አስታውሱ፤ የደረቀውንም አሳውቁ። ግንቦት 28 ሲመጣ ደግሞ የሒሳብ ቀን አድርጉት፤ ስንት ተከልን፣ ስንቱ ጸደቀ፣ የጎደለውን ማን ይተካል ብላችሁ ተጠያየቁ። ቀኑ እንዲህ ከተያዘ ኢንተርኔት አይሽረውም።

አላህ ሆይ! የሚጠቅም ዝናብ አውርድልን። ምድራችንን አለምልምልን፤ ምንጮቻችንን ጠብቅልን። ካባከንነው ይቅር በለን፤ በአደራህም ላይ የታመንን አድርገን። ለሀገራችንና ለሕዝቧ ሁሉ ሰላም ስጥ። አሚን።

ሶላት ቁሙ፤ አላህ ይዘንላችሁ።