መንታ ሕፃናትና የጠባይ ሚዛን

በአንድ ማሕፀን አድረው በአንድ ቀን ከተወለዱ ሁለት ሕፃናት አንዱ ጠብቶ ሲተኛ ሌላው ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። ክፉና ደጉን ገና አልለዩምና ልዩነቱ ከትምህርት መጣ ልንል አንችልም።

በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. የመንትዮች አስተዳደግ ምርመራ ተጀመረ። በኋላም መርማሪዎቹ ሕፃናቱ በእንግዳ ሰውና በአዲስ መጫወቻ ፊት እንዴት እንደሚሆኑ፥ ልቅሶአቸውንና ትኩረታቸውን እየተመለከቱ መዘገቡ። እንዲህ ባለው ምርመራ አንድ ጽንስ ለሁለት ተከፍሎ የተወለዱ መንትዮች፥ ለየብቻ ከተፀነሱት ይልቅ በጠባይ እንደሚቀራረቡ ታወቀ። ስለዚህ ጠባይ በከፊል አብሮ የሚወለድ ነው። አባቶቻችንም የሰው ሥጋ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውኃና ከመሬት መፈጠሩን ሲያስተምሩ የጠባያችን መለያየት አልተሰወራቸውም።

ነገር ግን ወላጆች በተጠየቁ ጊዜ ሌላ ነገር ታየ። በተለይ እምብዛም ስለማይመሳሰሉ መንትዮች ሲናገሩ፥ አንዱን በሌላው እየመዘኑ ልዩነቱን ከልኩ በላይ ያሰፉታል። ጥቂት አብልጦ ያለቀሰው «አስቸጋሪው»፥ ሌላው «ጨዋው» ይባላል። ይህ ምን ይጎዳል ቢሉ፥ ልጅ በተሰጠው ስም ያድጋልና ነው። ይስሐቅ ዔሳውን፥ ርብቃ ያዕቆብን አብልጠው በመውደዳቸው ቤታቸው ተከፈለ፤ ያዕቆብም ከወንድሙ ቁጣ ሸሽቶ በላባ ዘንድ ሃያ ዓመት ተቀመጠ።

«ጠባይ አብሮን ከተወለደ ስለ ኃጢአታችን ለምን እንጠየቃለን?» የሚል ቢኖር፥ ጠባይ ሌላ ምግባር ሌላ ነው ብለን እንመልሳለን። ቁጡ ሆኖ መወለድ ኃጢአት አይደለም፤ ተቆጥቶ ወንድምን መበደል ግን ኃጢአት ነው። እሳት ቤት ያቃጥላል፤ እንጀራም ይጋግራል። ረጋ ብሎ የተወለደውም ስንፍናውን ትዕግሥት ብሎ እንዳይጠራት ይጠንቀቅ። ወንድሙን ሊገድል ያሰበው ያው ዔሳው፥ በተገናኙ ጊዜ ሮጦ አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ፈቃዱ ቁጣውን ድል ነሥቶአልና።

እንግዲህ ወላጆች የሆንን ሁሉ የልጆቻችንን ጠባይ መመርመራችን ለእያንዳንዱ የሚስማማውን አስተዳደግ ለመምረጥ ይሁን፤ በአንደበት በማይመልስ ሕፃን ላይ ለመፍረድ አይሁን። ምግባሩን ሳይሠራ ፍርዱን የምንሰጠው ከሆነ፥ ሚዛኑ የሚገልጠው የልጁን ጠባይ ሳይሆን የእኛን አድልዎ ነው።